ስለ ካዝና፣ ስለ ጥይትና ስለ መሣሪያ ዕቃዎች አቀማመጥ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጦር መሣሪያ ጥገና ሥራ ላይ የቆየ ሰው «ካዝናው ወጥቷል፤ ባዶ ነው» የሚለውን ቃል ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ባለቤቱ ካዝናውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን ተነቃይ መያዣ፣ በአንድ እጁ ይዞ መሣሪያውን በሌላው እጁ ያቀብላል፣ አፈሙዙም እንደ አጋጣሚ ወደ ተቀባዩ ይዞራል፤ ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጠው ሲጠየቅ ደግሞ ቅር ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ካዝናን፣ ጥይትንና ተጓዳኝ ዕቃዎችን በቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ይሁን እንጂ ካዝናዎቹን በሥርዓት ደርድሮ መሣሪያውን ጥይት እንደጎረሰ የሚያስቀምጥ ሰው ስላለ፣ ከዚህ ስሕተት ሳይነሡ ስለ አደራደር ማውራት ትርጉም የለውም።

ካዝና የሚያደርገው ጥይት ማቅረብ ብቻ ነው። አንድ ጥይት ከካዝናው ወጥቶ ወደ መጉረሻው፣ ማለትም በበርሜሉ የኋላ ጫፍ ወዳለው የመተኮሻ ክፍል፣ ከገባ በኋላ ካዝናው ቢነቀልም ጥይቱ እዚያው ይቀራል፤ ቃታው ሲሳብም ይተኮሳል። በ1935 ለገበያ እንደቀረበው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ያሉ አንዳንድ ሽጉጦች ካዝናቸው ሲወጣ ቃታቸው እንዳይሠራ የሚያደርግ መከላከያ አላቸው፤ ብዙዎቹ ሽጉጦች ግን የላቸውም፣ ያለውም ቢሆን ቃታው እንዲለዝብለት ሲል የቀድሞው ባለቤት አስወጥቶት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል አፈሙዙን አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ አዙሮ፣ ጣትን ከቃታ አርቆ፣ በመጀመሪያ ካዝናውን መንቀል፣ ከዚያም ማቀባበያውን እስከ መጨረሻው ስቦ በመያዝ መጉረሻውን በዓይን ማየትና በጣት መዳሰስ ነው። ቅደም ተከተሉን ማዛባት ቀላል ስሕተት አይደለም። አንድ ደንበኛ በፊቴ ማቀባበያውን ስቦ ጥይቱን አስወጣ፣ ቀጥሎም ካዝናውን ነቅሎ ሽጉጡን ሰጠኝ፤ የመጀመሪያው ጥይት ሲወጣ ካዝናው ገና በቦታው ስለነበር ሁለተኛው ተተክቶ ጎርሶ ነበር። እኔ ከፍቼ እስካሳየው ድረስም «ሲወጣ እኮ አይተሃል» እያለ ይከራከረኝ ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው አባባል «ጥይት የሞላ ካዝና ለብቻው ምንም አያደርግም፤ የትም ይቀመጥ» የሚለው ነው። ለብቻው አይተኩስም፤ ግን ከሽጉጡ ጋር በአንድ መሳቢያ ከተቀመጠ ሁለቱን ለማገናኘት ለልጅም ለሌባም ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል። መሣሪያው በአንድ ቁልፍ፣ ካዝናውና ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጡ፤ ሁለቱ ቁልፎችም በአንድ መንጠቆ ላይ አይሰቀሉ። ቁም ሳጥን ላይ፣ ፍራሽ ሥር ወይም በልብስ መካከል መደበቅ መቆለፍ አይደለም። «ልጆቼ ቦታውን አያውቁትም» የሚል ወላጅ፣ ልጆቹ የተደበቀ ጣፋጭ ስንት ጊዜ እንዳገኙበት ቢያስታውስ እንዲህ ባልተማመነ ነበር።

«ቤት በእሳት ቢያያዝ ጥይቱ እንደ ተተኮሰ ሆኖ በየአቅጣጫው ይወረወራል» የሚለው ፍርሃት ግን ከልክ ያለፈ ነው። ከመጉረሻ ውጭ ያለ ጥይት በሙቀት ሲፈነዳ ቀለሁ ይቀደዳል፣ ስብርባሪውም ይፈናጠራል፤ ይህ ያቆስላል፣ ሆኖም አረሩን አቅጣጫ አስይዞ የሚገፋው በርሜል ስለሌለ በአፈሙዝ የሚወጣውን ፍጥነት አያገኝም። እሳት አጥፊዎችን በእውነት የሚያሰጋው የጎረሰ መሣሪያ ነው፤ መጉረሻው በበቂ ሲግል ቃታ የሚስብ ሳይኖር ይተኩሳልና።

ወደ ካዝናው ሞላ እንምጣ። «ካዝና ሞልቶ ከተቀመጠ ሞላው ይደክማል» የሚሉ ሰዎች ካዝናዎቻቸውን በየጊዜው ያራግፋሉ፣ ጥቂት አሳርፈው መልሰው ይሞላሉ፤ ሞላውን የሚጎዱትም በዚሁ ልማዳቸው ነው። በአግባቡ የተሠራ የብረት ሞላ በተወሰነለት መጠን ተጨምቆ ቢቆይ የሚያጣው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ይበልጥ የሚያደክመው መጨመቅና መለቀቅ መደጋገሙ ነው። አባባሉ ጨርሶ መሠረት የለውም ግን አይባልም። በትንሽ ቁመት ብዙ ጥይት እንዲይዙ ተደርገው በተሠሩ ካዝናዎች ሞላው ከመጠኑ በላይ ሊጨመቅ ይችላል፤ በአንዳንድ የፕላስቲክ ካዝናዎች ላይ ደግሞ ጥይቱን ከላይ የሚይዙት ከንፈሮች በረጅም ጊዜ ግፊት ሊከፈቱ ይችላሉ፤ አንዳንድ አምራቾች ከንፈሮቹን ከጫና የሚያሳርፍ ክዳን የሚጨምሩት ለዚህ ነው። መሣሪያው ጥይት መመገብ ሲያስቸግር ሞላ ከመወንጀል በፊት ከንፈሮቹ መታጠፍ አለመታጠፋቸውን፣ ካዝናው መጎድጎድ አለመጎድጎዱን መመልከት ያሻል። ወደ እኔ ከሚመጡት «ሞላው የሞተ» ከተባሉ ካዝናዎች ብዙዎቹ ወድቀው የተጣመሙ ወይም ውስጣቸው በዘይትና በአቧራ የተለጠፈ ሆነው ይገኛሉ።

አደራደርን በሚመለከት «የራሴን ዕቃ በዓይኔ እለየዋለሁ» የሚል መልስ ይሰጠኛል። ብዙ ዓይነት መሣሪያ ላለው ሰው ይህ አደገኛ ትምክህት ነው። 300 ብላክአውት የተባለው የጠመንጃ ጥይት፣ ቀጭን አረር ያለውን የ5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት ቀለህ በማሳጠር የተሠራ በመሆኑ በዚያው ካዝና በትክክል ይሞላል፤ አንዳንዱም በ5.56 ጠመንጃ መጉረሻ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሲተኮስ ግን 7.8 ሚሊ ሜትር የሚወፍረው አረር በጠባቡ በርሜል ማለፊያ ስለሚያጣ ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ሊፈነዳ ይችላል። በሾትገንም እንዲሁ ነው (ጌጅ የሾትገን በርሜል ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል)፦ የ20 ጌጅ ጥይት በ12 ጌጅ መጉረሻ አልፎ በርሜሉ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ተኳሹም ያልጎረሰ መስሎት ከኋላው የ12 ጌጅ ጥይት አስገብቶ ከተኮሰ በርሜሉ ይቀደዳል። የ20 ጌጅ ጥይት በተለምዶ ቢጫ እንዲሆን የተደረገውም ሁለቱ እንዳይምታቱ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት የተለየ ሳጥን ይኑር፣ እያንዳንዱ ካዝና ላይም በማይለቅ ቀለም የጥይቱ ዓይነትና ተራ ቁጥር ይጻፍ። ተራ ቁጥሩ እንደ ትርፍ ጣጣ የሚቆጠር ቢሆንም፣ የሚያስቸግረው የትኛው ካዝና እንደሆነ ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በእርሱ ነው። ጥይትንም ከፋብሪካ ማሸጊያው አውጥቶ በአንድ ጣሳ መገልበጥ ዓይነቱንና የምርት ምድቡን የሚናገረውን ጽሑፍ መጣል ነው።

«ዘይት በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው በካዝና ላይ አይሠራም። በካዝና ውስጥ ያለ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ ዘልቆ የሚገባው ዓይነት ዘይት ደግሞ በጥይቱ ግርጌ ወዳለው መለኮሻ ሰርጎ ጥይቱን ሊያከሽፈው ይችላል። የብረት ካዝናን ውጭውን ዘይት በነካ ጨርቅ ማበስ፣ ውስጡን ደረቅ መተው ይበቃል።

የቆዳ ማህደር ለመታጠቅ እንጂ ለማከማቸት አይሆንም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ በውስጡ የቀሩት የማልፊያ ኬሚካሎችም ብረትን ያዝጋሉ፣ ናስን አረንጓዴ ያለብሳሉ። በስፖንጅ የተለበጠ ሳጥንም ለጉዞ ነው። እሳት የሚቋቋም የብረት ሳጥን ከእርጥበትም ይጠብቃል ብሎ ማመን ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው፤ በብዙዎቹ ግድግዳ ውስጥ ያለው ጂፕሰም በራሱ ውኃ የያዘ ስለሆነ እርጥበት ማድረቂያ ያስፈልጋቸዋል። ሲሊካ ጄል ከሆነም የመጠጣት ዐቅሙ ሲሞላ በሙቀት መድረቅ ወይም መለወጥ አለበት፤ ለዓመታት የማይነካ ከረጢት ጌጥ ነው።

ተጓዳኝ ዕቃዎችን ማንም ስለማይቆጥራቸው አደጋቸውም አይታሰብም። ብዙ የማነጣጠሪያ መነጽሮች የሚሠሩበት ሲአር 2032 የተባለው ክብ ባትሪ በሕፃን ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን አቃጥሎ ሊጎዳ ስለሚችል መለዋወጫው ከጥይቱ እኩል መቆለፍ ይገባዋል። የተተኮሰበት ካዝናና የማጽጃ ብሩሽ የእርሳስ ብናኝ አለባቸው፤ በወጥ ቤት ማጠቢያ አይታጠቡም፣ ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛም አይፈቱም። የእንጨት ሰደፍ የሚቀባበት የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅም ተጠቅልሎ ከዕቃዎቹ ጋር ከተወረወረ፣ ዘይቱ ሲደርቅ በሚፈጥረው ሙቀት ያለ ምንም ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ወይም ውኃ በሞላበትና በተከደነ የብረት ጣሳ መዝፈቅ ያስፈልጋል።