«አፕዴት አድርገውና ይለቅ» ለምትሉኝ

ደሴ ውስጥ ኔትወርክ እየዘረጋሁና እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ከፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ደንበኛ ሁሉ የሚነግረኝ አንድ ነገር አለ፦ «ሶፍትዌር አይደል እንዴ? አፕዴት አድርገውና ይለቅ!» አሁንስ ታከተኝ። ስለዚህ ኔትወርክ ላይ አዲስ ነገር ማስገባት ለምን እንደሚከብድ ልጻፈው፤ የምሰማቸውን ሌሎች አባባሎችም በዚያው ላንሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«አሮጌ ፕሮቶኮል የምንጠቀመው ኋላ ቀር ስለሆንን ነው።»

አይደለም። ፕሮቶኮል ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ደንብ ነው። አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ደንብ፣ አይፒቪ6፣ መጀመሪያ ተጽፎ የወጣው በ1995 ነው። ሠለጠኑ የምንላቸው አገሮችም እስከ ዛሬ አሮጌውን አይፒቪ4 አልጣሉም።

«ቀን ይቆረጥና ሁሉም ባንዴ ይቀይር።»

አንዴ ተሞክሮ ተሳክቷል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 የኢንተርኔት ቀዳሚ የነበረው አርፓኔት ዛሬም ወደምንጠቀምበት ፕሮቶኮል፣ ወደ ቲሲፒ/አይፒ፣ ዞረ። ያኔ ግን የተገናኙት ኮምፒውተሮች ጥቂት መቶዎች ነበሩ። ዛሬ ስልኩ፣ ኤቲኤሙ፣ የሱቁ ካሜራ ሁሉ ኔትወርክ ላይ ነው። ማን ለማን ይንገር? እኛ ራሳችን ጠዋት አንድ ሰዓት ስንል ስልካችን 7:00 ይላል። ከነገ ጀምሮ አንዱን እንተው ብንባል እስቲ እንስማማ።

«አፕዴት አድርገውና ይለቅ።»

እሺ፣ ወደ እሷ እንምጣ። ስልክህን አፕዴት ታደርጋለህ። ሰርቨሩንም ባለቤቱ ያደርጋል። ጫፍና ጫፉ ተስማማ። መሀል ላይ ያሉትንስ? የኔትወርኩ ዘበኛ ፋየርዎሉ፣ መንገድ መሪው ራውተሩ፣ ትራፊክ የሚያጣራው ሳጥን፤ እነሱን ማን አማከራቸው? ሥራቸው ማሳለፍ ነበር። ግን ሲያሳልፉ ሲያሳልፉ መልኩን ለመዱት። ከለመዱት መልክ ወጣ ያለ ነገር ሲመጣ ይጥሉታል። ለምን ጣልክ ብለህ ብትጠይቅም መልስ የለም።

የቲኤልኤስ 1.3ን ነገር እዩ። ድረ ገጽ ተቆልፎ የሚመጣበት ኤችቲቲፒኤስ የሚቆምበት ምስጠራ ነው፤ በ2018 ጸደቀ። በሙከራ ላይ ሳለ በግልጽ «እኔ 1.3 ነኝ» ብሎ ሲቀርብ አንዳንድ አሮጌ ሰርቨርና ፋየርዎል ግንኙነቱን ቆረጠው። መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ? ዋሹ። በኔትወርክ የሚያልፈውን የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ዋየርሻርክን፣ ክፈትና ብራውዘርህ መጀመሪያ የሚልካትን ሰላምታ ተመልከት። የቨርዥኑ ቦታ ላይ 03 03 ይላል፤ 1.2 ማለት ነው። እውነተኛው 03 04፣ ማለትም 1.3፣ ታች ኤክስቴንሽን በሚባለው ጭማሪ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። አዲሱ የአሮጌውን ጋቢ ተከናንቦ በዘበኛው ፊት ያልፋል። ዛሬም ድረስ።

በ2024 አንድ የኮምቦልቻ ሆቴል ባለቤት ደወሉልኝ። ሀጂ እንላቸዋለን። «ልጄ፣ ብራውዘሩ ራሱን ቀየረና ኢንተርኔቱን ገደለው። አፕዴት አድርግልኝና ይለቅ» አሉኝ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርጄ ደረስኩ። አሮጌው ላፕቶፕ ይከፍታል። አፕዴት የተደረገው ብራውዘር ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ይሞታል። ያንኑ ብራውዘር ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር ሳገናኘው ወዲያው ከፈተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ብራውዘሮች የወደፊቱን ኳንተም ኮምፒውተር የሚቋቋም ቁልፍ መላክ ጀመሩ። ቁልፉ ብቻውን ከ1,000 ባይት በላይ ነው። ስለዚህ ድሮ በአንድ ፓኬት (ዳታ ተቆርጦ በሚላክበት እሽግ) ትገባ የነበረችው ሰላምታ ለሁለት ተከፈለች። ይህን የሚከለክል ሕግ የትም አልነበረም። የሀጂ ፋየርዎል ግን የመጀመሪያዋን ፓኬት ብቻ አንብቦ «ጎደሎ ናት» ብሎ ያስቀራታል።

ፋየርዎሉን ያገኘሁት ከለስላሳ ሳጥኖች ጀርባ ነው። አቧራውን በእጄ ጠረግኩት። ፓስወርዱስ? ያስገባው ልጅ ያውቃል። ልጁስ? ሪያድ ነው። ሪሴት አድርጌ እንደ አዲስ አዋቀርኩት፤ አፕዴት የሚያስፈልገው እሱ ነበርና አደረግኩት። ሀጂ አሁንም ጥፋቱ የብራውዘሩ ነው ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ቤት ውስጥ ገንቦ ከተሰበረ መጀመሪያ የምትጠረጠረው አዲስ የመጣችው ምራት ናት። አዲስ ፕሮቶኮልም እንደዚያው ነው። ሳጥኑ ዓመታት ሙሉ ምንም አልሆነም፤ ታዲያ ማን ይጠረጥረዋል? ብራውዘር ሠሪውም ደንበኛ እንዳይሸሽበት ወደ አሮጌው ይመለሳል። ሳጥኑ አሸነፈ ማለት ነው።

«ለወደፊት ተብሎ ባዶ የተተወ ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ይጨመር።»

ያልተሄደበት መንገድ ሣር ይበቅልበታል። ባዶው ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ዜሮ ብቻ ሲያይ የኖረ ፋየርዎል አንድ ቀን አንድ ቢያይ ጥቃት ይመስለዋል። በ2001 ቲሲፒ ላይ የመጨናነቅ ምልክት ሲጨመር የደረሰው ይኸው ነው። አሁን ብራውዘሮች ሆን ብለው ትርጉም የሌላቸው ቁጥሮችን ሰላምታው ውስጥ ይሰገስጋሉ። የማያውቁትን ማለፍ የሚገባቸው ሰርቨሮች እንዳይረሱት ነው። ዘዴውን በእንግሊዝኛ ግሪስ ብለውታል፤ ጋራዥ ቤት ግራሶ የምንለው። ማጠፊያው እንዳይዝግ።

«ምስጠራ ለምስጢር ብቻ ነው።»

ኩዊክ የተባለው በ2021 የጸደቀ ፕሮቶኮል ከይዘቱ አልፎ አብዛኛውን የራሱን አሠራር ጭምር ይሸፍናል። መሀል ያለው ሳጥን ያላየውን ነገር ሊለምደው አይችልም።

አሁን ለሙያ ጓደኞቼ። ዩዲፒ 443ን ያለ ምክንያት አትዝጉ፤ ኩዊክ የሚሄደው በእሱ ነው። «ለደህንነት» ብላችሁ አይሲኤምፒን በጅምላ አትዝጉ፤ «ፓኬቱ ትልቅ ነው» የሚለው መልእክት የሚመጣው በዚያ ነው፣ ከተዘጋ ገጹ ግማሽ ላይ ይቀራል። የፋየርዎሉን ሶፍትዌር ቢያንስ በዓመት አንዴ እዩት። እያንዳንዱን ሕግ ለምን እንዳስገባችሁት አጠገቡ ጻፉ። ፓስወርዱንም በፖስታ አሽጋችሁ ለባለቤቱ ስጡ። አለዚያ ሪያድ የምደውለው እኔ ነኝ።