በግማሽ ፋክቶሪያል ሙከራ የተደባለቁ ተጽዕኖዎች እንዴት ይነበባሉ?

ፋክቶሪያል ሙከራ የአመራረት ሂደትን የሚወስኑ ነገሮችን አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድነት እየለዋወጠ የሚፈትሽ ዘዴ ነው። አንድ ዳቦ ቤት የምድጃ ሙቀትን፣ የመጋገሪያ ጊዜን፣ የእርሾንና የውሃን መጠን እያንዳንዳቸውን በዝቅተኛና በከፍተኛ ደረጃ ቢፈትሽ 16 ሙከራዎች ያስፈልጉታል፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ዴቪድ ፊኒ በ1945 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የክፍልፋይ ስልት ግን ግማሾቹ፣ ማለትም 8ቱ፣ ሊበቁ ይችላሉ።

ብዙዎችን የሚያደናግረው በዚህ ቅነሳ የሚታጣው መረጃ ነው። ዝቅተኛውን ደረጃ −1፣ ከፍተኛውን +1 ብለን የውሃውን ምልክት ከሌሎቹ ሦስት ምልክቶች ብዜት ስናገኝ፣ የሙቀትና የጊዜ ጥምር ተጽዕኖ (የአንዱ ውጤት እንደ ሌላው ደረጃ መለያየቱ) የሚሰላበት የምልክቶች ዓምድ ከእርሾና ከውሃ ጥምር ዓምድ ጋር ፍጹም አንድ ይሆናል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «ሙቀት በጊዜ» ብሎ የሚያወጣው ቁጥር የሁለቱ ጥምር ተጽዕኖዎች ድምር ነው። ስያሜውን ብቻ አይቶ መደምደም አደገኛ ነው፤ እንዲያውም ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሠሩ ድምሩ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ሁለቱም እንደሌሉ ሊያስቆጥር ይችላል።

ዋና ዋናዎቹ ተጽዕኖዎች፣ ማለትም እያንዳንዱ ነገር ለብቻው የሚያመጣው ለውጥ፣ የሚደባለቁት አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ከሆኑት የሦስትዮሽ ጥምረቶች ጋር ስለሆነ በተሻለ መተማመን ይነበባሉ፤ ይህም «ሪዞሉሽን አራት» ይባላል።

አጠራጣሪ ጥምረት ጎልቶ ከወጣ፣ በግምት ከመፍረድ ይልቅ የቀሩትን 8 ሙከራዎች መሥራት ይሻላል፤ ሁለቱ ግማሾች ሲገናኙ የተደባለቁት ይለያያሉ። በመካከሉ ዱቄቱ ወይም የአየሩ ሁኔታ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ግን፣ እያንዳንዱን ግማሽ እንደ አንድ ብሎክ (በተመሳሳይ ሁኔታ እንደተሠራ የሙከራዎች ቡድን) ቆጥሮ መተንተን ያስፈልጋል።