መርከብ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ትዞራለች? ስለ መዞሪያ መለኪያ

የመኪና መሪ ሲጠመዘዝ መኪናው ወዲያው ይታጠፋል። መርከብ እንዲህ አይደለችም። መሪዋ ተጠምዝዞም ለጥቂት ጊዜ በነበረችበት አቅጣጫ መሄዷን አትተውም። ከዚያ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ኋላዋ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፣ ፍጥነቷም ይቀንሳል። እንዲህ እያለች ሰፊ ክብ ሠርታ ትዞራለች።

በጠረጴዛ ላይ የባሕር ውጊያ ጨዋታ ትንሿ ሞዴል ይህን ሁሉ በራሷ አታደርግም፤ ሰው ነው በእጁ የሚያዞራት። እጅ ደግሞ ያዳላል። ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ የሚሄድ ፈንጂ) እየመጣባት ያለች መርከብ ሁልጊዜ ከሚገባት ትንሽ በለጥ አድርጋ ትዞራለች፣ ይገርማል! የመዞሪያ መለኪያ የመጣው ለዚህ ነው። ከካርቶን ወይም ከፕላስቲክ የተቆረጠ ቅስት ሲሆን፣ ሞዴሏ ጠርዙን ተከትላ ትገፋለች። ቴምፕሌት የሚሉትም ብዙ ናቸው።

ጨዋታው ራሱ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድ ጄን እ.ኤ.አ. በ1898 የራሱን የባሕር ውጊያ ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ደራሲ ፍሌቸር ፕራት ኒውዮርክ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ወለል ላይ በእንጨት መርከቦች ይጫወት ነበር። በ1942 ደግሞ ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። ሊቨርፑል ውስጥ በካፒቴን ጊልበርት ሮበርትስ የሚመራ አንድ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ክፍል የአጃቢ መርከቦችንና የጀርመን ሰርጓጆችን መንገድ ወለል ላይ በጠመኔ እያሰመረ መኮንኖችን ያሠለጥን ነበር። ሥራውን የሚያካሂዱት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ።

አሁን ወደ ልኩ እንግባ። መርከበኞች መዞርን የሚለኩባቸው ዋና ዋና ቁጥሮች ሁለት ናቸው። አንዱ መሪው ከተጠመዘዘ ጀምሮ መርከቧ 90 ዲግሪ እስክትዞር ወደፊት የሄደችው ርቀት ነው። ሌላው 180 ዲግሪ ስትዞር ከቀድሞ መስመሯ ወደ ጎን የራቀችው ርቀት ነው። ይህን ሁለተኛውን የመዞሪያ ዲያሜትር እንበለው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባጸደቀው መስፈርት መሠረት የመጀመሪያው ከመርከቧ ርዝመት 4.5 እጥፍ፣ ሁለተኛው ከ5 እጥፍ መብለጥ የለበትም። መስፈርቱ የተጻፈው ለንግድ መርከቦች ነው። ቢሆንም መረጃ ለሌላት መርከብ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

መረጃ ካለ ግን በግምት አትሥሩ፣ ግምት ያሳስታል። አዮዋ የተባለችው የአሜሪካ ጦር መርከብ 270 ሜትር ትረዝማለች። ፍሌቸር የሚባሉት የአሜሪካ ዲስትሮየሮች (አነስ ያሉ ፈጣን የጦር መርከቦች) ርዝመታቸው 115 ሜትር ገደማ ነው። ማን ነው በጠባብ ቦታ የሚዞር? ትንሿ ናት ያለ ተሸነፈ። በ30 ኖት (በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ) ፍጥነት የአዮዋ የመዞሪያ ዲያሜትር 745 ሜትር ገደማ ሲሆን የፍሌቸር 870 ሜትር ገደማ ነው። አዮዋ ሁለት መሪ አላት፤ ፍሌቸር አንድ ብቻ። ስለዚህ ለትልቅ መርከብ ትልቅ ቅስት፣ ለትንሽ መርከብ ትንሽ ቅስት ብሎ መቁረጥ ሁልጊዜ አያዋጣም።

ራስ ምታቱ የሚጀምረው ስኬል፣ ማለትም ሞዴሏ ከእውነተኛዋ መርከብ ስንት እጥፍ እንደምታንስ፣ ሲመጣ ነው። ብዙ ተጫዋች በሚጠቀምበት 1፡2400 ስኬል የአዮዋ ሞዴል 11 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ትሆናለች። የመዞሪያ ዲያሜትሯ 31 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ኮምፓሱን 15.5 ሴንቲ ሜትር ከፍቶ ማስመር ነው። እስከዚህ ደስ ይላል። ነገር ግን የትልልቅ መድፎቿ ጥይት 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ይህ በዚያው ስኬል 16 ሜትር ነው። 16 ሜትር ጠረጴዛ ያለው ማን ነው? ስለዚህ ደንብ አውጪዎች ባሕሩን ያጠቡታል። ለምሳሌ 1 ሴንቲ ሜትር 100 ሜትር ይሁን ይላሉ። ያኔ ተኩሱ ወደ 4 ሜትር ይወርዳል፣ የመዞሪያ ክቡ ግን 7.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ሞዴሏ ከራሷ ባነሰ ክብ ውስጥ ልትዞር ነው ማለት ነው።

ጊዜውም ያስቸግራል። አንድ ተራ 3 ደቂቃ ነው ከተባለ፣ በ30 ኖት የምትሄድ መርከብ 2.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። የአዮዋ ሙሉ ክብ ዙሪያ 2.3 ኪሎ ሜትር ነው። የፍጥነቷን መቀነስ ከተውነው፣ በአንድ ተራ ሙሉ ክብ ዞራ ትተርፋለች። በእኔ እይታ ለዚህ ነው የመዞሪያ መለኪያ የባሕር ሳይንስ ሳይሆን በተጫዋቾች መካከል የተደረገ ስምምነት የሚሆነው። ቅስቱ ከእውነቱ ይሰፋል፣ በአንድ ተራ የሚፈቀደው ማዕዘን ያንሳል። መርከቧ ከባድ መስላ እንድትታይ ያህል ነው።

መቁረጡ ቀላል ነው። ኮምፓስ፣ ፕሮትራክተር፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን፣ አዲስ ምላጭ ያለው መቁረጫ ያስፈልጋል። ራዲየሱ 12 ሴንቲ ሜትር ይሁን እንበል። ቅስቱን አስምሩና ከማዕከሉ ተነስታችሁ በየ15 ዲግሪው ምልክት አድርጉ። ከምልክት እስከ ምልክት በጠርዙ ላይ ያለው ርቀት 3.14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አዎ፣ ራሷ ፓይ ናት። ምልክቱን በማስመሪያ አትለኩ። ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ያቋርጣል፣ መርከቧ ግን በጠርዙ ነው የምትሄደው። የ90 ዲግሪ ቅስት በጠርዙ 18.85 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በማስመሪያ 17 ገደማ ነው። መርከቧ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ተዘረፈች።

በአንድ ጊዜ አጥብቃችሁ አትቁረጡ፤ ምላጩ ከመስመሩ ይወጣል። ቀስ እያላችሁ አምስት ስድስት ጊዜ አመላልሱት። መለኪያው እንደ ቀለበት ሁለት ቅስት ካለው የውስጠኛውን አስቀድሙ፤ በዙሪያው ያለው ካርቶን ገና ስላልወጣ ጥሩ መያዣ ይሆናል። ጠርዙን በቀጭን ሱፐር ግሉ ቀብታችሁ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ሌዘር መቁረጫ ያገኘ ሰው ግልጽ አክሪሊክ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ ከሥሩ ያሉት መርከቦች ይታያሉ። በኮምፒውተር ሠርታችሁ የምታትሙ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የ10 ሴንቲ ሜትር መስመር ጨምሩበት። ማተሚያው ምስሉን በገጹ ልክ አሳንሶት እንደሆነ ያቺ መስመር ትናገራለች።

ከመቁረጡ ይልቅ ጠብ የሚያስነሳው አቀማመጡ ነው። ሞዴሏ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ መቀመጫ ላይ ከሆነችና ጎኗ የቅስቱን ውጫዊ ጠርዝ እየታከከ ከሄደ፣ የመርከቧ መሐል የሚጓዘው በ12 ሳይሆን በ13.5 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ነው። አፍንጫዋን ነው ወይስ መሐሏን ከምልክቱ ጋር የምናስተካክለው? በእውነተኛው ባሕር መርከብ የምትሽከረከርበት ነጥብ ከአፍንጫዋ የርዝመቷ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ነው፤ እኔ እዚያ ላይ ትንሽ ነጥብ ቀብቼ እሱን እጠቀማለሁ። አንድ ጊዜ የሠራሁት መለኪያ እንደ ቀለበት ሁለት ጠርዝ ነበረው። ባልንጀራዬ ወደ ግራ ሲዞር በውስጠኛው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር በውጭኛው ይጠቀም ነበር። ተንኮል አልነበረም፣ እጁ ላይ እንደተመቸው ነው። የገባን ሁለት መርከቤ ከሰመጠ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የማይሠራውን ጠርዝ ቀይ እቀባለሁ።

ስንት መለኪያ ይበቃል? በሰልፍ ለሚሄዱ መርከቦች አንድ ይበቃል። ከፊት የምትሄደው መርከብ የዞረችበት ቦታ ላይ ትተዉትና የተቀሩት በየተራቸው ያንኑ ጠርዝ ይከተላሉ። ሁሉም በአንዴ ከዞሩ ግን ለየመርከቡ ቦታውን መቀየር ግድ ነው። በጀትላንድ ውጊያ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1916፣ የጀርመኑ አድሚራል ሼር መርከቦቹን በአንድነት ወደኋላ ያዞረበትን ትዕዛዝ ጠረጴዛ ላይ የሞከረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

የሸራ መርከቦች ሌላ ጣጣ አላቸው። አራት ማዕዘን ሸራ ያላት መርከብ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ከ67.5 ዲግሪ ገደማ በላይ ልትጠጋ አትችልም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከቅስቱ ሌላ የነፋስ አቅጣጫ የተሰመረበት ክብ ይጨመራል። ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች በተሰመሩበት ካርታ የሚጫወቱት ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም፤ 60 ዲግሪ አዙረው ይቀጥላሉ።

መሪ ሲበላሽ ደግሞ መለኪያው ምርጫ የሌለው ይሆናል። እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 1941 ምሽት አርክ ሮያል ከተባለችው የእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የተነሳ አውሮፕላን የጣለው ቶርፔዶ የጀርመኗን የጦር መርከብ የቢስማርክን መሪ ወደ ግራ 12 ዲግሪ እንደተጠመዘዘ አነቀው። ይህን ውጊያ የሚጫወት ሰው ከዚያች ተራ ጀምሮ ቅስቱን የሚያስቀምጠው በግራ በኩል ብቻ ነው።