«ምቀኝነት ቆረቆር ቢሆን ኖሮ»፦ የስፓኒሽ አባባልና በውስጡ ያለው ግስ

በሰው ሹመት፣ በሰው ቤት፣ በሰው ትዳር የሚንገበገብ ሰው ሲያጋጥም ስፓኒሽ ተናጋሪዎች «ሲ ላ ኤምቢዲያ ፍዌራ ቲኛ፣ ኩዋንቶስ ቲኞሶስ አብሪያ!» ይላሉ። በእኛ አፍ «ምቀኝነት ቆረቆር ቢሆን ኖሮ ስንቱ ቆረቆራም በኖረ ነበር!» ማለት ነው። ቲኛ ያው የልጆችን ራስ እየያዘ ጸጉሩን በክብ በክብ የሚያረግፈው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚጋባው ቆረቆር ነው። ቆረቆር ያለበት ሰው ከሩቅ ይለያል፤ ምቀኛ ግን ስቆ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ያልፋል። የአባባሉ ስለት እዚህ ላይ ነው። ኤምቢዲያ ምቀኝነት እንጂ የባልና የሚስት ቅናት አይደለም፤ ለዚያኛው ሴሎስ የሚባል ሌላ ቃል አላቸው።

አባባሉን የሚሸከመው መጨረሻ ላይ ያለው «አብሪያ» ነው። ይህ «ቢሆን ኖሮ … ነበር» ለሚለው አነጋገር የሚያገለግለው የግስ ቅርጽ ሲሆን፣ አሠራሩ ከስፓኒሽ ግሶች ሁሉ ቀላሉ ነው ማለት ይቻላል። እንደ እኛ «መናገር» ያለውን መነሻ ሳይቆርጡ መውሰድና ከኋላው «ኢያ» መቀጠል ብቻ ነው። አብላር (መናገር) ለእኔ አብላሪያ፣ ለአንተና ለአንቺ አብላሪያስ፣ ለእሱ፣ ለእሷና ለእርስዎ አብላሪያ፣ ለእኛ አብላሪያሞስ፣ በስፔን ለእናንተ አብላሪያይስ፣ ለእነሱ አብላሪያን ይሆናል። ኮሜር (መብላት) ኮሜሪያ፣ ቢቢር (መኖር) ቢቢሪያ፤ ቅጥያው ለሦስቱም የግስ ቤተሰብ አንድ ነው። ድምፁ ሁልጊዜ ጎላ የሚለው «ሪ» ላይ ነው። የእኔና የእሱ ቅርጽ አንድ ስለሆነ፣ የሚያምታታ ከሆነ «ዮ» ወይም «ኤል» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። መነሻቸውን የሚያሳጥሩ ወይም የሚለውጡ 12 ያህል ግሶች አሉ፤ የአባባሉ አቤር («አለ» የሚለው ግስ) አንዱ ነው፣ «አቤሪያ» መሆን ሲገባው አብሪያ ሆኗል።

«ኢያ» ከየት መጣ? ከላቲን። ተራው ሕዝብ የመነሻውን ቅርጽ «ነበረኝ» ከሚለው ግስ ጋር ያጣምር ነበር፤ ያ ግስ እየተሸረሸረ «ኢያ» ብቻ ቀረ። በመካከለኛው ዘመን ስፓኒሽ ሁለቱ ገና አልተጣበቁም ነበርና «ይናገረው ነበር» ለማለት «አብላር ሎ ኢያ» ብለው ተሳቢውን መሃል ይከቱ ነበር። አማርኛም ለዚሁ ጉዳይ «ነበር»ን መያዙ ያስደንቃል።

አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተውም በዚሁ ምክንያት ነው። «ይበላ ነበር» ስንል የድሮ ልማድም ሊሆን ይችላል፣ «ቢያገኝ ኖሮ» የሚለው መልስም ሊሆን ይችላል። ስፓኒሽ ግን ይለያቸዋል፤ ልማዱ ኮሚያ፣ ምኞቱ ኮሜሪያ ነው። መሃል ያለችው «ኤር» ከተዋጠች ሰሚው «ድሮ ይበላ ነበር» ብሎ ይረዳል። እንዲሁም ያለፈውንና ያመለጠውን «ይናገር ነበር» ለማለት አብላሪያ አይበቃም፤ አብሪያ አብላዶ ነው።

ሁለተኛው ስህተት «ሲ» (የእኛ «ቢሆን» ውስጥ ያለው «ቢ») ባለበት ሐረግ ውስጥ «ሪያ»ን መክተት ነው። «ሲ ሴሪያ ቲኛ» አይባልም፤ በሰሜን ስፔን፣ በባስክና በቡርጎስ አካባቢ ተወላጆቹም ሲሉት ይሰማል፣ ሰዋስዉ ግን አይቀበለውም። እዚያ የሚገባው እንደ «ፍዌራ» ያለው ቅርጽ ነው፤ ከ«እነሱ ተናገሩ» ማለትም ከአብላሮን «ሮን»ን ጥሎ «ራ» መተካት፣ አብላራ። ከኮሚዬሮን ኮሚዬራ። ስለዚህ «ቢያጠና ኖሮ ይናገር ነበር» ሲ ኤስቱዲያራ፣ አብላሪያ ይሆናል።

ያለ «ሲ»ም ያገለግላል። «ሜ ጉስታሪያ» የእኛ «ፈልጌ ነበር» የሚለው ትሕትና ነው፤ ቡና ቤት ገብቶ «እፈልጋለሁ» ከማለት ይለሰልሳል።

አባባሉ በጥንታዊ መልኩ «ሲ ላ ኤምቢዲያ ቲኛ ፍዌራ፣ ኩዋንቶስ ቲኞሶስ ኡቢዬራ» ነው። ድሮ «ራ» በሁለቱም ሐረግ ይገባ ስለነበር ፍዌራና ኡቢዬራ ቤት ይመታሉ፤ አብሪያ ሲተካ ቤቱ ፈረሰ። ዛሬም በዕድሜ ከገፋ ሰው አፍ ኡቢዬራን ብትሰሙ የድሮው አነጋገር ነውና አታርሙት።