የሳንባ ክፍሎችና ቀዶ ጥገና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቀኝና ግራ ሳንባ አንድ ዓይነት ናቸው።»

አይደሉም። ቀኙ ሎብ የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ክፍሎች አሉት፣ ግራው ሁለት። ሎቦቹ ደግሞ ሴግመንት ወደሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ሴግመንት የራሱ የአየር ቧንቧና የራሱ ደም ቅዳ አለው። በቀኝ 10 ናቸው። በግራ አንዳንዶቹ ከአንድ ግንድ ስለሚወጡ ከ8 እስከ 10 ተብለው ይቆጠራሉ።

«የሁሉም ሰው ሳንባ መጽሐፍ ላይ እንደምናየው ሥዕል ነው።»

ሥዕሉ የሚያሳየው በብዙዎች ላይ የሚታየውን ነው። ከሰው ሰው አብዝተው የሚለያዩት ደም ሥሮቹ ናቸው፤ ከነሱም የሚያስፈራው ደም መልሱ ነው። ከግራ ሳንባ ወደ ልብ ደም የሚመልሱት ሁለት ናቸው፣ የላይኛውና የታችኛው። በአንዳንድ ሰዎች ግን ሁለቱ ልብ ሳይደርሱ ተገናኝተው በአንድ ግንድ ይገባሉ። የላይኛውን ሎብ ብቻ ሊያወጣ የገባ ቀዶ ሐኪም ያንን ግንድ የላይኛው ደም መልስ መስሎት ከቆረጠው፣ የታችኛው ሎብ ደም መውጫ አጥቶ ይጨናነቃል። ደም መልሱ በቶሎ ካልተጠገነ ጤነኛው ሎብም ሊወጣ ይችላል። ይህ እኮ በሲቲ ስካን አስቀድሞ የሚታይ ነገር ነው! ጠንቃቃ ሐኪም ቢላዋ ከማንሣቱ በፊት ሁለቱንም ደም መልሶች ለይቶ ያያል።

«የተለየ አፈጣጠር በሽታ ነው።»

በአብዛኛው አይደለም። አንዳንድ ሰው ወደ ቀኝ የላይኛው ሎብ የሚሄደው ቧንቧ በቀጥታ ከዋናው የአየር ቧንቧ ይወጣለታል። በበግና በበሬ የተለመደው ይኸው ነው። ባለቤቱ ሳያውቀው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ሰመመን ሰጪው ግን ማወቅ አለበት፤ የሚያስገባው ቱቦ ያንን ቀዳዳ ከደፈነው ሎቡ አየር አያገኝም።

«ሴግመንቶች በግልጽ መስመር የተለዩ ናቸው።»

በሎቦች መካከል ስንጥቅ አለ፤ እሱም ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። በሴግመንቶች መካከል ግን ዓይን የሚያየው ወሰን የለም። ስለዚህ የሚወጣው ሴግመንት ደም ቅዳ ከተዘጋ በኋላ ኢንዶሲያኒን ግሪን የሚባል ቀለም በደም ሥር ይሰጣል፤ በልዩ ካሜራ ሲታይ ሌላው ሳንባ ሲያበራ ያ ሴግመንት ይጨልማል። ዘዴው ግሩም ነው፤ ግን የተዘጋው ቅርንጫፍ የተሳሳተ ከሆነ ቀለሙም የተሳሳተውን ወሰን አጥርቶ ያሳያል።

«ካንሰር ከሆነ ሎቡን በሙሉ ማውጣት ሁልጊዜ ይሻላል።»

እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ይህን አጽንቶት ነበር። በ2022 የወጣው የጃፓን ጥናት ግን ከሳንባው ዳር ያሉና ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጡ ዕጢዎችን ተመልክቶ፣ ሴግመንት ብቻ ከወጣላቸው 94.3 በመቶው፣ ሎብ ከወጣላቸው 91.1 በመቶው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት እንደነበሩ አሳየ። ዋጋ ግን አለው፤ ካንሰሩ እዚያው አካባቢ ያገረሸባቸው 10.5 በመቶ ሲሆኑ በሎቡ በኩል 5.4 ነበሩ። ዕጢው በሁለት ሴግመንቶች ወሰን ላይ ካረፈ፣ ሁለቱን አብሮ ማውጣት ወይም ወደ ሎቡ መመለስ ግድ ሊሆን ይችላል።