የኩባያ ኬክ በማይክሮዌቭ፦ የሚባለውና እውነታው

አሠራሩ ቀላል ነው። ፉርኖ ዱቄት፣ ካካዎ፣ ስኳር፣ ዘይትና ወተት ማግ ውስጥ ይበጠበጣል፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ይገባል፤ ጀበናው ሳይፈላ ኬኩ ይደርሳል። ግን ስንቱ ሰው ነው አንዴ ሞክሮ “ጎማ ሆነብኝ” ብሎ የተወው! እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ ማብዛት ነው። እንቁላሉም ደቂቃውም ይበዛል። የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው።

“ቤኪንግ ፓውደር ሲበዛ ኬኩ ያምራል”

ከሁሉ የሚብሰው ይሄ ነው፤ ጅማ ላይ ደግሞ በተለይ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 አይደርስም። ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝም የሚጫነው አየር ስለሚያንስ አብዝቶ ይነፋል። ሊጡ ሳይጠነክር ሽቅብ ይወጣና መሃሉ ስምጥ ይላል። ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው ልክ በአብዛኛው ለቆላ የተሰፈረ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሚል ካገኛችሁ ሩብ አድርጉት፤ ከሩብም ጎደል ቢል አይከፋም።

እርጥበትም ቶሎ ስለሚተን ፈሳሹን ትንሽ ጨመር ማድረግ ነው። የእኔ ልክ በሾርባ ማንኪያ 4 ዱቄት፣ 2 ካካዎ፣ 3 ስኳር፣ 2 ዘይት፣ 5 ወተት ነው። ማጉ ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ፤ አለበለዚያ ማይክሮዌቩን ስታጥቡ ታመሻላችሁ።

“ያለ እንቁላል ኬክ የለም”

አለ። እንዲያውም አንድ ሙሉ እንቁላል ለአንድ ማግ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜ ኬኩን ጎማ የሚያደርገው እሱ ነው። ለዚህች ታህል ሊጥ ዱቄቱ ራሱ ይበቃል። ጾም ከሆነ በወተቱ ፈንታ ውሃ አድርጉ።

“ቡና ከገባበት ቡና ቡና ይላል”

ጅማ ተቀምጦ ቡና መፍራት! ከጀበና የተረፈ ቀዝቃዛ ቡና ካለ ከወተቱ ሁለት ማንኪያ ቀንሳችሁ በእሱ ተኩት። የቡናው ጣዕም ብዙም አይለይም፤ የካካዎውን ጣዕም ግን ያጎላዋል። አተላው እንዳይገባ ብቻ አጥልሉት። ቡናውን በጨው የምትጠጡ ከሆነ ደግሞ ኬኩ ላይ ሌላ ጨው አያስፈልግም።

“ጨረሩ ምግቡ ውስጥ ይቀራል”

አይቀርም። መብራት ስናጠፋ ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ እንደማይቀር ሁሉ ማይክሮዌቩ ሲቆምም ሞገዱ አብሮ ይቆማል። ምግቡ ላይ የሚቀረው ሙቀት ብቻ ነው። በማይክሮዌቭ ማብሰል የተጀመረውም በቸኮሌት ነው ይባላል፤ በ1945 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካዊው መሐንዲስ ፐርሲ ስፔንሰር ከራዳር መሣሪያ አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የነበረው ቸኮሌት ቀለጠበት።

“ከውስጥ ወደ ውጭ ያበስላል” የሚባለውም ልክ አይደለም። ሞገዱ ከውጭ ገብቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከዘለቀ በኋላ ይደክማል። መሃሉ መጨረሻ ላይ የሚበስለው ለዚህ ነው። ጠባብና ረጅም ከሆነ ማግ ሰፋ ያለ ይሻላል።

“ማንኛውም ኩባያ ይሆናል”

ወርቃማ ጠርዝ ያላት ሲኒ አትሆንም፤ ጠርዟ ብረትነት ስላለው ብልጭታ ይፈጥራል። የብረት ኩባያማ ጭራሽ አይታሰብም።

“ላዩ ደረቅ እስኪል ይቆይ”

ላዩ ደረቅ ካለ ውስጡ አልፎበታል። በ60 ሰከንድ ጀምሩና አሥር አሥር እየጨመራችሁ እዩት። ላዩ ትንሽ ወዛ ሲል፣ ጥሬ ሊጥ ግን ሳይታይበት፣ አውጡት። ሁለት ደቂቃ ይቀመጥ፤ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። ማታ ማታ በየቤቱ ምጣድ ተሰክቶ መብራት ሲደክም ማይክሮዌቩም አብሮ ይደክማል። ያን ጊዜ የቀኑ ሰከንድ አይበቃችሁም፤ በስንጥር ወጋ አድርጋችሁ እዩት።