ከአዘዞ እስከ ቦሌ፦ በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ የሚቀሩ የቤት ዕቃዎች

በፍተሻ የሚቀር ዕቃ ሲባል ብዙ ሰው ሽጉጥና ጩቤ ይታየዋል። በየቀኑ የሚቀረው ግን ማር፣ ቅቤ፣ መቀስ፣ ኮልጌት፣ ላይተር፣ በሃይላንድ የተቀዳ ጠበል ነው፤ ቤት ውስጥ ማንም የማይጠረጥረው፣ ኤክስሬዩ ዘንድ ሲደርስ ግን ባለቤቱን የሚያስቆም ዕቃ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አውሮፕላን ላይ ጨርሶ የተከለከሉ አይደሉም። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ቢሆኑ ያልፉ ነበር፤ የሚቀሩት በእጅ በመያዛቸው ነው። በእጅ የሚያዙት ደግሞ፣ ቢያንስ በጎንደር፣ ዘግይተው ስለሚመጡ ነው። ሻንጣው ተቆልፎ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ አክስት በፌስታል አንጠልጥላ ትደርሳለች። ስንቅ እምቢ አይባልም።

የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በአፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል። የሚገኘው ከከተማዋ በስተደቡብ፣ አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ባሠሩባት በአዘዞ በኩል ነው። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬደው የአዲስ አበባ መንገድ በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰውም መጀመሪያ ቦሌ ማረፍ አለበት፤ ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ፍተሻው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ተርሚናሉ በር ላይ ሲሆን ትልቁም ትንሹም ሻንጣ ኤክስሬይ ውስጥ ያልፋል። ሁለተኛው ትልቁ ሻንጣ ተመዝኖ ከሄደና ቦርዲንግ ፓስ ከተያዘ በኋላ፣ ወደ መቆያው አዳራሽ መግቢያ ላይ ነው። ጫማ፣ ቀበቶ፣ ሰዓትና ስልክ ትሪው ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱ በሮች አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ ለዕቃው ዕጣ ፈንታ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው በር የተገኘ መቀስ ወደ ትልቁ ሻንጣ ሊዛወር ይችላል። በሁለተኛው የተገኘውን ወይ ሸኚ ይቀበለዋል ወይ እዚያው ይቀራል።

አንድ ማለዳ በመጀመሪያው በር ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበሩ እናት በነጭ ጨርቅ የታሰረ የዱቄት ወተት ጣሳ ታቅፈው ነበር። የሚሄዱት ልጃቸው ዘንድ፣ አሜሪካ ነው። ማሽኑ ቆመ፤ ፈታሿ ጣሳውን ከፍ አድርጋ፣ «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ቅቤ ነው ልጄ። በኮረሪማና በኮሰረት ያነጠርኩት ነው።»

ልጅቷ ሽታው ነግሯት ኖሮ ፈገግ አለች። «እኔ ባሳልፍዎት እንኳ ቦሌ አያሳልፉዎትም። በትልቁ ሻንጣ ያድርጉት።» ሻንጣው እዚያው መሬት ላይ ተከፈተ። የበርበሬው ከረጢትና ሁለት ቀሚስ ወጡ፤ ጣሳው በአንደኛው ቀሚስ ተጠቅልሎ ገባ፤ ዚፑ እንዲዘጋ አንድ ጎረምሳ ሻንጣው ላይ ተቀመጠበት። በርበሬው ግን ቦታ አጣና ወደ እጅ ሻንጣቸው ዞረ። እሱም የራሱ ጣጣ እንዳለው በዚያ ሰዓት ማንኛችንም ልብ አላልንም።

ፍተሻው እንዲህ የጠበቀው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ከታሪኩም የተወሰነው የራሳችን ነው። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. እነ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ከአዲስ አበባ የተነሣውን ቦይንግ አየር ላይ ለመጥለፍ ሲሞክሩ የጦር መሣሪያ ይዘው ነበር የተሳፈሩት። በዚያ ዘመን እያንዳንዱን መንገደኛ መፈተሽ ገና ልማድ አልሆነም። አሜሪካ ሁሉንም መንገደኛ መፈተሽ የጀመረችው ከዚያ አንድ ወር ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአገሮች ሁሉ የደህንነት መመዘኛ የሆነውን አባሪ 17 ያጸደቀው ደግሞ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ሲበር የተጠለፈው በረራ ቁጥር 961 ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ጠላፊዎቹ የታጠቁት መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ የአውሮፕላኑ የራሱ ነበር። ቦምብ ነው ብለው ያስፈራሩበት ደግሞ የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። ስለ ጠርሙስ የሚደረገው ጭቅጭቅ ሲያስቀኝ ይህን አስታውስና ሳቄን እውጣለሁ።

ስለት በጥብቅ መታየት የጀመረው ከመስከረም 11 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለት ያለው ሰንጢ በኪስ ይዞ መሳፈር ይቻል ነበር። የፈሳሹ ሕግ መነሻ ግን ነሐሴ 4 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የብሪታኒያ ፖሊስ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈሳሽ ፈንጂ ደብቀው አትላንቲክን የሚሻገሩ አውሮፕላኖችን ለማጋየት ያሴሩ ሰዎችን መያዙን አስታወቀ። ለጥቂት ሳምንታት ውሃ እንኳ በእጅ አይያዝም ተባለ፤ ከዚያ የአውሮፓ ኅብረት በኅዳር 2006 (እ.ኤ.አ.) ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ አወጣ። ዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ድርጅትም ብዙ ሳይቆይ ለአገሮች ሁሉ መከረው።

ይህን ሕግ ብዙ መንገደኛ የሚስተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ የሚቆጠረው የዕቃ መያዣው መጠን እንጂ በውስጡ የቀረው አይደለም። ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ታች የቀረች ሁለት ማንኪያ ማር አታልፍም። ሁለተኛ፣ «ፈሳሽ» የሚለው ቃል እኛ ከምንለው ይሰፋል፤ የሚፈስ፣ የሚቀባ፣ የሚለጠፍ ሁሉ ይገባበታል። ቅቤ፣ ማር፣ አዋዜ፣ ዳጣ፣ ቫዝሊን፣ ኮልጌት፣ የፀጉር ቅባት እዚያው ናቸው። የሕፃን ወተትና በጉዞው ላይ የሚያስፈልግ መድኃኒት ከገደቡ ነፃ ናቸው፤ ቢሆንም ለፈታሹ አስቀድሞ ማሳየት ግድ ነው።

ማር ከሁሉ የባሰ ስም አለው። ኤክስሬዩ ዕቃን በቀለም ይለያል፦ ምግብ፣ ወረቀት፣ ጨርቅና ብዙ ዓይነት ፈንጂ ብርቱካናማ ሆነው ይታያሉ፣ ብረት ሰማያዊ ይሆናል። ማር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሽኑ ላይ የሚሰጠው መልክ ከፈታሽ ዓይን አያመልጥም። በጥር 2010 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ ላይ አንድ አትክልተኛ በለስላሳ ጠርሙሶች የያዘው ማር በመመርመሪያው ፈንጂ ነው ተብሎ አውሮፕላን ማረፊያው ለሰዓታት ተዘግቶ ነበር። ማር መሆኑ የተረጋገጠው ኋላ ነው።

አሁን ወደ ቦሌ እንመለስ። የ100 ሚሊ ሊትሩ ምክር የወጣው ለዓለም አቀፍ በረራ ነው፤ በአገር ውስጥ በረራ ላይ አፈጻጸሙ ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ በአንዱ በር ያለፈ ጠርሙስ በሚቀጥለው ሊያዝ ይችላል። ጉዳቱ ደግሞ ድርብ ነው። ከጎንደር እስከ መጨረሻው መዳረሻ ታግ የተደረገለት ትልቁ ሻንጣ ቦሌ ላይ ለባለቤቱ አይሰጥም፤ ማሩ የሚዛወርበት ሻንጣ የለም፣ የሚረከብ ዘመድም ትራንዚት ውስጥ አይገባም። ለዚህ ነው ከሁሉም መጣያ የበለጠ ስንቅ የሚሞላው የትራንዚቱ መጣያ ነው የምለው፤ ግምቴ ነው፣ ቆጥሬ አይደለም። ከፍተሻ በኋላ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ ፈሳሽ በታሸገ ግልጽ ከረጢት ከነደረሰኙ ይያዛል። ከረጢቱ መንገድ ላይ ከተከፈተ ግን በሚቀጥለው ትራንዚት ዋስትናውን ያጣል።

የእኒያ እናት በርበሬ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። አሜሪካ ከሰኔ 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከውጭ ወደ እሷ በሚበሩ አውሮፕላኖች ላይ በእጅ የሚያዝ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የለስላሳ ቆርቆሮ ትንሽ ከፍ ካለ መጠን በላይ ሲሆን ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግበት አዘዘች። ምንነቱ ካልተለየ አይሳፈርም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ሚጥሚጣ ሁሉ ዱቄት ናቸው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ፍተሻው አይከፋባቸውም፤ ለእጅ ሻንጣ ከእነሱ የተሻለ ስንቅ አላውቅም።

አረቄ የራሱ ስሌት አለው። የአልኮል መጠኑ ከ70 በመቶ በላይ የሆነ መጠጥ በእጅም በጭነትም አይሄድም። ከ24 እስከ 70 በመቶ ያለው ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፣ በፋብሪካ እሽጉ እስካለ ድረስ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ የቤት ዳጉሳ አረቄ መለያም እሽግም የለውም፣ መጠኑን የሚያውቀው ያወጣችው ሴትዮ ብቻ ናት። ጠላና ጠጅ ከ24 በመቶ በታች ስለሆኑ ይህ ገደብ አይነካቸውም። ነገር ግን ጠላ ገና እየፈላ ነው፤ ክዳኑ ጠብቆ በሻንጣ የተላከ ጠላ ምን እንደሚሆን የተቀባዩን ሸሚዞች መጠየቅ ነው።

ስለትና ዱላ ላይ የፈታሹ ፍርድ ይበዛል። በብዙ አገሮች ስለቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ መቀስ በእጅ ያልፋል፤ አሜሪካ ግን ቢላዋን በማንኛውም መጠን ትከለክላለች። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ትናንሽ ሰንጢዎችን ልትፈቅድ አስባ የበረራ አስተናጋጆች ሲቃወሙ ሐሳቡን ተወችው። የጎንደር ልዩ ጉዳይ ግን መቋሚያ ነው። ጎንደር በአታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ናትና ከዚያ የሚመለስ መሪጌታ መቋሚያውን ትቶ አይሄድም። ሽመል በእጅ እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል፤ የአዛውንት ከዘራ ደግሞ መደገፊያ ስለሆነ ተፈትሾ ያልፋል። መቋሚያው በሁለቱ መካከል ነው፤ መደገፊያም ነው፣ ረጅም እንጨትም ነው። በር ላይ ከመከራከር ይልቅ ቀድሞ ለጭነት አስጠቅልሎ መስጠት ይሻላል። ጸናጽሉ በእጅ ቢሆን ማሽኑ ላይ ከመታየት በቀር ማንንም አያስቸግርም።

ባትሪ ነገሩን ሁሉ ይገለብጠዋል። ፓወር ባንክ በትልቁ ሻንጣ አይፈቀድም፣ በእጅ ብቻ ነው፤ ሊትየም ባትሪ ጭነት ክፍል ውስጥ ቢነድ ቶሎ የሚደርስለት ሰው የለምና። ገደቡ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት 74 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ ያልፋል፤ 30,000 የተጻፈበት 111 ገደማ ነውና የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ጽሑፉ የተፋቀ ባትሪ ስንት እንደሆነ ማስረዳት ስለማይቻል ብዙ ጊዜ ይቀራል።

ፈታሽ የሚያቆመው ሁሉ ግን ለበረራው ደህንነት ሲባል አይደለም። የብራና መጽሐፍ፣ የቆየ መስቀልና ሥዕል ከአገር ሲወጣ የሚጠየቀው ፈቃድ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተደነገገ ነው። ከፒያሳ የተገዛ አዲስ የእንጨት መስቀልም ቢሆን ያረጀ መልክ ከተሰጠው ደረሰኙን መያዝ አይከፋም።

የቀረ ዕቃ የት እንደሚገባም ከአገር አገር ይለያል። በአሜሪካ ተጓዡ ዕቃውን «በፈቃዱ እንደተወ» ይቆጠራል፤ ሰንጢውና መቀሱ ለክፍለ ግዛቶች ተሰጥቶ በትርፍ ንብረትነት ይሸጣል። ትሪው ላይ የተረሳ ሳንቲም ብቻ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የበጀት ዓመት ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ሆኗል። ጎንደር ላይ ያለው መላ ቀለል ያለ ነው፤ ሸኚው ባጃጁን አቁሞ፣ ከውስጥ «አልፌያለሁ» የሚል ስልክ እስኪደወል ይጠብቃል። የተመለሰው ማር የሱ ነው።

ለጠበል ግን ይህ መላ ሁልጊዜ አይሠራም። ጥር 11 ቀን የፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ተሞልቶ ከተባረከ በኋላ ሰው በየሃይላንዱ ይቀዳል፤ በማግስቱና በሳልስቱ ማረፊያው በእንግዳ ይሞላል። ጠበል መጣያ ውስጥ አይጣልም፣ እግር የሚረግጠው ቦታ ላይም አይደፋም። ሁለተኛው በር ላይ የደረሰ ሰው ሸኚውም ሄዶበት ከሆነ አማራጩ አንድ ነው። ከሰልፉ ወጣ ብሎ ያማትባል፣ የቻለውን ይጠጣል፣ የቀረውን በራሱና በልጆቹ ራስ ላይ ያፈሳል። ከዚያ ባዶውን ሃይላንድ ይዞ፣ አንገቱ እንደረጠበ፣ ጫማውን አውልቆ ይሰለፋል።